ለመማር ያላፈሩ ሊቅ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ ዕትም ከሌላው ስለ መማር እንድንጽፍ በተነገረን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው ከሩቅ አገር ሰው ለመፈለግ ነበር። ከእኛ አንዳንዱ የግብፅን መነኮሳት ስም ጠራ፤ ሌላው በዩኒቨርሲቲ የተማረውን የባዕድ ፈላስፋ አመጣ። ኋላ ግን ከመካነ ሰላም ብዙም ሳንርቅ፣ በዚሁ በቦረና ምድር፣ ገዳማቸው በደብረ ባሕርይ ጋሥጫ የሚገኘውን ሊቅ ትተን የት እንሄዳለን ተባባልንና ተመለስን። በዓላቸው ሐምሌ 7 ቀን ነው። ክረምቱ በገባበት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ነጠላውን በላስቲክ ሸፍኖ በባዶ እግሩ ወደ ጋሥጫ የሚወርደውን ምእመን እያየን አድገናል።

ይሁን እንጂ ከአባታችን ታሪክ አብዛኞቻችን በቃላችን የምንይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጽዋዐ ልቡና መጠጣታቸው ነው። ከጽዋው በፊት የነበረውንና ከጽዋው በኋላ የተከተለውን ማን ይጠይቃል? እኛም አልጠየቅንም ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የትውልድ ቦታቸው ሰግላ ስለሆነች ሰግላዊ እየተባሉም ይጠራሉ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ፣ በመጻሕፍት ዕውቀት የታወቁ ሰው ነበሩ። በዚያን ዘመን ነገሥታቱ ቋሚ ከተማ ስላልነበራቸው ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር ነበር። እንግዲህ ልጁ የሊቅ ልጅ ነው፤ ከእርሱ የሚጠበቀውም ገና ሳይጠመቅ የታወቀ ያህል ነበር። የሊቅ ልጅ መሆን መታደል ብቻ ሳይሆን ሸክምም እንደሆነ የመምህራንና የካህናት ልጆች የሆናችሁ አንባብያን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሕዝበ ጽዮን ልጃቸውን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ሰጡት። ከቦረና ተነሥቶ ሐይቅ መድረስ ዛሬ በአቀስታ በኩል ደሴ ገብቶ፣ ከደሴም ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዞ በአውቶቡስ የሚያልቅ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ውርጩ አጥንት ድረስ የሚገባውን የለጋምቦን ደጋ በእግር ማቋረጥ ነበረበት። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ የተማሩበት ገዳም ነው። በመካከለኛው ዘመን የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ጋር ይቆጠር ነበር። በአጭሩ፣ ልጁ የገባው በዘመኑ ከነበሩት የትምህርት ቦታዎች በአንደኛው ነው።

እዚያም ትምህርቱ እምቢ አለው። ገድሉና የአባቶች ትረካ እንደሚነግሩን ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ ፊደል እንኳ አልገባው አለ። ከርሱ በኋላ የመጡት ንባብ ዘልቀው ዜማ ሲገቡ እርሱ ከጀመረበት አልተነቃነቀም። መምህሩም ተስፋ ቆርጠው ልጁ ትምህርት እንደማይሆንለት ለአባቱ አስታወቁ፤ ወደ ቤቱም እንዲመለስ ሆነ። አባቱ ግን አልተቀበሉትም። ልጁን ለእግዚአብሔር እንደሰጡ፣ የሰጡትንም መልሰው እንደማይወስዱ ተናግረው፣ ባይማር እንኳ መነኮሳቱን እያገለገለ ይኑር ብለው ወደ ገዳሙ መለሱት። ይህን ስናነብ በመጀመሪያ አባትዬው ጨካኝ መሰሉን። ቆይተን ስናስበው ግን ልጃቸው ሰነፍ ነው ሲባሉ ያላፈሩበት እርሳቸው ብቻ እንደነበሩ ተረዳን።

የተሰጠውም ሥራ እህል መፍጨት ነበር። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ታልፎ ሲሄድ ሰምተናል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በዚያን ጊዜ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ሴትም አይገባበትም። ስለዚህ በአገራችን ልማድ ለእናቶችና ለእኅቶች የተተወው ወፍጮ በገዳሙ የወንድ፣ ያውም የታናሹ ወንድ ዕጣ ነው። ከእኛ መካከል በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ መጅ የገፋ ወንድ ካለ እጁን ያውጣ! እናቶቻችን ግን ያውቁታል። ወገብ ይቆርጣል፣ መዳፍ ይልጣል፣ ጧት የተጀመረው ለራት ላይደርስ ይችላል። ልጁም የሊቅ ልጅ ሆኖ፣ ጓደኞቹ መጽሐፍ ይዘው በደጁ ሲያልፉ፣ እነርሱ የሚበሉትን ይፈጭ ነበር።

አስተውሉ! ገዳሙን ትቶ አልሄደም፤ ያ ትልቁ ነገር ነው። ሰው ትምህርት እምቢ ሲለው በአብዛኛው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ትምህርቱን ይንቃል፣ ወይ የተማሩትን ይጠላል። ይህ ልጅ ሁለቱንም አላደረገም። ያልገባውን ነገር ለገባቸው ሰዎች በመፍጨት በዚያው በትምህርቱ ደጅ ቆየ። ሥራውንም ሲጨርስ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልይ እንደነበር ይተረካል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እመቤታችን ተገለጠችለት፤ በቅዱስ ዑራኤል እጅም ጽዋዐ ልቡና ጠጣ፤ ልቡናውም ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን እንዲህ አድርጋ ታስተምራለች፤ እኛም እንዲሁ እንቀበላለን።

ነገር ግን አንድ ግልጽ ነገር እንናገር። በፈተና ሰሞን መጽሐፍ ሳይገልጡ ጽዋዐ ልቡናን የሚለምኑ ከመካከላችን አይጠፉም፤ ይህን ስንል ራሳችንን ጭምር ነው። ጽዋውን እንፈልጋለን፤ ወፍጮውን ግን አንፈልግም። የአባ ጊዮርጊስን ታሪክ ለስንፍናችን ጥግ ስናደርገው ባለታሪኩ ቢሰሙን ምን ይሉን ይሆን?

ደግሞም ጽዋውን ከጠጡ በኋላ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ዕውቀት ከሰማይ የተሰጠው ሰው ከእንግዲህ መምህር ምን ያደርግለታል ሊል ይችል ነበር። አባ ጊዮርጊስ ግን መጻሕፍትን ከመመርመር አልቦዘኑም። በኋላ በጻፏቸው ድርሳናት እንደሚታየው ብሉይንና ሐዲስን ብቻ ሳይሆን የቀደሙትን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ትምህርት ጠንቅቀው ያውቃሉ። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ድርሳን በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን ይነበብ ነበርና፣ አንድ የቦረና ሰው ከርሱ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ በግብፅ ከኖረ ሰው ሥር ቁጭ ብሎ ሊማር ቻለ። ኢትዮጵያዊነታቸው ከእስክንድርያው ከመማር አልከለከላቸውም፤ ከእስክንድርያው መማራቸውም በራሳቸው ቋንቋና ዜማ ከመድረስ አላገዳቸውም።

ለዚህ ዋናው ምስክር ሰዓታት ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መንገር ግድ ይሆንብናል። ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ፣ ከአባ ጊዮርጊስ በፊት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዓታት የሚባል ነገር አልነበረም ብለን ጽፈን ነበር። ረቂቁን በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ቁጭ ብለን ጮክ ብለን ስናነበው፣ አኩፋዳውን አንግቶ በአጠገባችን ያለፈ አንድ የቆሎ ተማሪ ቆም ብሎ አዳመጠን። ከዚያም በጣም በትሕትና፣ ተሳስታችኋል አለን። ከእርሳቸው በፊትም ከግብፅ የመጣ፣ በመዝሙረ ዳዊት ላይ የተመሠረተ ሰዓታት እንደነበረ፣ አባ ጊዮርጊስም የጸሎቱን ሥርዐት ከምንባብ፣ ከምስጋናና ከእመቤታችን ውዳሴ ጋር አስማምተው በራሳቸው መንገድ እንደ ደረሱት አስረዳን። ልጁ ከእኛ በዕድሜ ያንሳል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ እርሱ ገና የዕለት እንጀራውን በየደጁ ይለምናል። ከመካከላችን አንዱ ሊከራከረው ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ስለምን እየጻፍን እንደሆነ ትዝ ሲለው አፈረና ዝም አለ። ረቂቁን ቀደድነው።

ከሰዓታት ሌላ ውዳሴ መስቀል፣ ፍካሬ ሃይማኖት፣ አርጋኖነ ውዳሴ፣ ኆኅተ ብርሃን የተባሉትንና ሌሎችንም ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ትቆጥራለች። የእያንዳንዱን ይዘት ለመዘርዘር ይህ ወረቀት አይበቃም።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ እንሂድ። አባ ጊዮርጊስ በዐፄ ዳዊት ዘመን በንጉሡ አደባባይ የታወቁ ሊቅ ሆኑ። ያ ዘመን በሩን ለውጭ የከፈተ ዘመን ነበር። ዐፄ ዳዊት በ1394 ዓ.ም ገደማ እስከ ቬኒስ ድረስ መልእክተኞች ልከዋል፤ የጌታ ግማደ መስቀልም በእርሳቸው ዘመን ወደ አገራችን እንደመጣ ይነገራል። በውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያን ከሁለት ተከፍላ ነበር። የክፍፍሉ ምክንያት ሰንበት ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ያስተምሩ ነበር። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳትና ከአገር ውስጥ ብዙዎቹ ገዳማት፣ የተክለ ሃይማኖት ቤት የሚባለውም ወገን፣ ቀዳሚትን ማክበር ወደ አይሁድ ልማድ መመለስ ነው ብለው ተቃወሙ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገር ለቀው ሄደው በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአርመን አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከለከሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱም ተገፍተው በሰሜን በየዱሩ ገዳም መሠረቱ። በ1392 ዓ.ም ገደማ ዐፄ ዳዊት መሪዎቻቸውን አስጠሩ፤ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስም አቋማቸውን አንለውጥም ስላሉ ታሠሩ። ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ንጉሡ ፈቷቸው፤ ቀዳሚትንም እንደ ሥርዐታቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ሌላው ወገን ግን አሁንም እንዳልተቀበለ ነበር።

ከተቃዋሚዎቹም ግንባር ቀደሙ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር። የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን በዚህ ክርክር ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ጋር ቆመው እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። አባ ጊዮርጊስን ያሳደጋቸው ሐይቅ ነው። ፊደል አልገባህ ሲላቸው ያላባረራቸው፣ ወፍጮ ሰጥቶ ያቆያቸው፣ ልቡናቸው የተከፈተበት ቤት ነው። ሰው ለእንዲህ ያለ ቤት ያለው ፍቅር ቀላል አይደለም። ወገን ለይቶ መቆም ቢፈልጉ ወገናቸው የታወቀ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም።

አባ ጊዮርጊስ ግን የተገፉት ሰዎች የሚሉትን ሰምተው፣ ከመጻሕፍት ጋር አመሳክረው፣ እውነቱ ያለው ከእነርሱ ጋር ሆኖ አገኙት። በጽሑፋቸውም የሁለቱን ሰንበታት ክብር አስተማሩ። የአሳደጋቸውን ቤት አልከዱም፤ በክህነት የተከለከሉት፣ እንደ ስሑት የሚታዩት ሰዎች ከያዙት ግን እውነት ያሉትን ለመቀበል አላፈሩም። ለእኛ እንደሚመስለን የአባታችን ታላቅነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከመምህር መማር ደግ ነው፤ ከመጽሐፍም እንዲሁ። የራስህ ወገን ካወገዘው ሰው መማር ግን ሌላ ነገር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ እንኳ በመዝሙር ክፍልና በትምህርት ክፍል መካከል ትንሽ አለመግባባት በተነሣ ጊዜ ማን ምን እንዳለ ሳይሆን ማን እንደተናገረው ብቻ ስንጠይቅ ስንት ወር እንደከረምን ሁላችንም እናስታውሳለን።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣብን ይችላል። አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሳን የጻፉት መናፍቃንን ለመንቀፍ ነው። ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስን፣ በራሳቸውም ዘመን በቤተ መንግሥቱ የነበረውንና በዳግም ምጽአት ነገር የተከራከሩትን ቢቱን በጽኑ ቃል ይነቅፋሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከሌላው ለመማር የተዘጋጀ ነው ልንል እንዴት እንችላለን? ይህ ጥያቄ በመካከላችን ብዙ አከራከረን።

አብዛኞቻችን ያልነው ይህ ነው። የማያውቁትን ትምህርት መንቀፍ አይቻልም። መጽሐፈ ምሥጢር ሠላሳ ድርሳናት አሉት፤ በየበዓላቱ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብም ተደርጎ የተደራጀ ነው። እያንዳንዱ ስሑት ምን እንዳለ፣ የት ላይ እንደ ሳተ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጽፍ ይችላል። ሰምቶ መመርመርና የሰሙትን ሁሉ መቀበል አንድ አይደሉም፤ አባ ጊዮርጊስ የኤዎስጣቴዎስን ልጆች ሰምተው ተቀበሉ፣ ቢቱን ሰምተው አልተቀበሉም። ከመካከላችን አንዲት እኅት ግን በዚህ አልረካችም። የተሸነፈ ሰው ለመማር ፊቱን የሚያዞረው በለሰለሰ ቃል ነው እንጂ በጽኑ ነቀፋ አይደለም አለች። እኛም ይህን አሳባቸውን ይዛችሁ እንድትወያዩበት ለእናንተ ለአንባብያን ትተነዋል።

ነቀፋው ለእርሳቸውም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በክርክሩ ምክንያት ጠላት አፈሩ፤ በንጉሡም ዘንድ ተከሰው እንደታሠሩ፣ በኋላም እንደተፈቱ ገድላቸው ይተርካል። ሊቅ ሆነውም፣ የነገሥታቱ ወዳጅ ሆነውም፣ እንደ ልጅነታቸው ዝቅ ማለትን እንደገና ቀመሱ። መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጽመው ያስቀመጡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1416 ዓ.ም ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ሐምሌ 7 ቀን ዐረፉ።

የሰንበት ነገር በእርሳቸው ዕድሜ አላለቀም። ያለቀው በ1442 ዓ.ም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሳይቀሩ ቀዳሚትና እሑድ አብረው እንዲከበሩ ተስማሙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ። አባ ጊዮርጊስ ግን ይህን አላዩም፤ ካረፉ ሩብ መቶ ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ወደ ጋሥጫ ስንወርድ ያንን የቆሎ ተማሪ በመንገድ አገኘነው። አኩፋዳውን ከእኛ አንዱ ተቀበለው፤ እርሱም ዝናቡ እስኪያባራ ከዛፍ ሥር ተጠልለን ሳለ የሌሊቱን ሰዓታት ከየት ጀምሮ እንደሚቆም፣ የትኛው በዜማ የትኛው በንባብ እንደሚባል እያሳየን ዋለ። በሌሊቱ ከካህናቱ ኋላ ቆመን ስንከተል የያዝነው ጥቂት ነበር፤ የቀረውን በሚቀጥለው እሑድ እንዲያስተምረን ጠይቀነው እሺ ብሎናል።